ሲንክ ምንድን ነው? ቀጠሮው አንዱ ስልክ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ለምን ይጠፋል

ስልኬ ታክሲ ውስጥ የቀረ ቀን አልደነገጥኩም ብል ውሸት ነው፣ ግን ቶሎ ተረጋጋሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ጂሜይሌ ላይ አለ ብዬ ነበር። ሲም አስወጣሁ፣ ያገለገለ ስልክ ገዛሁ፣ ጂሜይሌን አስገባሁ፣ ኮንታክቱ ግር ብሎ መጣ፣ ፎቶውም ቀስ እያለ መጣ። ካላንደሩን ስከፍተው ግን ባዶ! ዓመት በዓሎቹ ብቻ ተደርድረዋል። የእቁቡ ዕጣ ቀን፣ የእናቴ የስኳር ክትትል ቀጠሮ፣ የቤት ኪራይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሞላው የኖርኩት ነገር አንድም የለም። አፑ ያው ነው እኮ፣ ምልክቱ ሳይቀር ያው ነው።

ለካ ያኔ ቀጠሮ በመዘገብኩ ቁጥር ከርዕሱ በታች በትንንሽ ፊደል "ማይ ፎን" የሚል ነገር ነበር፣ እሱን ነካ ባደርገው ኖሮ ኢሜይሌ ይመጣና ምረጪ ይለኝ ነበር፣ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። ስለዚህ ሁሉም የተጻፈው ስልኩ ሆድ ውስጥ ነው፣ ከስልኩ ጋር ሄደ።

ሲንክ የሚባለውን ነገር በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። ሲንክ ማለት አንድ መረጃ የተለያዩ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቆይ የሚደረገው የማመሳሰል ሥራ ነው፣ ስልካችሁን አማርኛ ካደረጋችሁት "አስምር" ወይም "ስምረት" የሚል ቃል ታያላችሁ፣ እሱ ነው። ብዙ ሰው ግን ስልክ ከስልክ ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ይመስለዋል፣ አይደለም። እድር አስቡ። ጸሐፊው ጋ አንድ ትልቅ መዝገብ አለ፣ እኔም እናንተም ቤታችን የየራሳችን ብጣሽ ወረቀት አለን፣ ከፈልኩ አልከፈልኩ የሚለው ክርክር ሲመጣ ግን የሚታየው መዝገቡ ነው። ሰርቨር የሚሉት ያንን መዝገብ ነው፣ የጉግል ወይ የአፕል ወይ የማይክሮሶፍት ኮምፒውተር ላይ ያለ ማለት ነው። ስልካችሁ በእጁ ያለው ግልባጭ ነው፣ አልፎ አልፎ ወደ መዝገቡ ሄዶ አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ የራሱንም አዲስ ነገር ያስመዘግባል። አካውንት ደግሞ የእናንተ ገጽ ነው። አፑማ ገጹን የምታነቡበት መነጽር ብቻ ነው፣ ለዛ ነው አንድ አፕ ሁለት ስልክ ላይ መጫን ብቻውን ምንም የማይፈይደው፣ ሁለት የተለያዩ አፖች ግን አንድ አካውንት ውስጥ ከገቡ ተመሳሳይ ነገር የሚያሳዩት።

አካሄዱን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። ዳታ ዘግታችሁ ቀጠሮ ብትመዘግቡ (እኛ አገር ጥቅል እንዳያልቅ ዳታ ዘግቶ መዋል የተለመደ ነው) ስልኩ አይጠፋበትም፣ "ያልተላከ" ብሎ ወረፋ ያስይዘዋል፣ ዳታ ስትከፍቱ ይልከዋል። ችግሩ ዳታውን የምንከፍተው ለአንድ የቴሌግራም መልእክት ሁለት ደቂቃ ከሆነና ስልኩ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢ ላይ ከሆነ ካላንደሩ ተራ ሳይደርሰው መልሰን እንዘጋዋለን። አንዳንድ ስልኮች ከጀርባ የሚሠራ አፕ ሲያዩ ወዲያው ነው የሚገድሉት፣ ስለዚህ "ሲንክ አላደርግ አለኝ" የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ብልሽት ሳይሆን ዕድል ማጣት ነው። ካላንደሩን ራሱን ከፍታችሁ ወደ ታች ጎተት አድርጉት ወይም ሪፍሬሽ በሉት፣ አንዳንዴ ያ ብቻ ይበቃል።

ሁለት ሰው አንድ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ቢነካስ? እኔ ከ9 ወደ 10 ሰዓት ሳዛውረው እህቴ ደግሞ ወደ ቅዳሜ ብታዛውረው? መዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ቀጠሮ በተቀየረ ቁጥር አብሮ የሚቀየር ምልክት አለው፣ ስልኬ "ይሄን ቀይርልኝ" ሲል ሰርቨሩ "አንተ የያዝከው አሮጌውን ነው፣ መጀመሪያ አዲሱን ውሰድ" ብሎ ሊመልሰው ይችላል፣ ሌሎች ሰርቨሮች ደግሞ ዝም ብለው መጨረሻ የደረሳቸውን ይይዛሉ። የትኛው እንዳሸነፈ ብዙ ጊዜ ማንም አይነግራችሁም፣ በኋላ ነው የምታዩት።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሲንክ ባክአፕ (ለመጠባበቂያ ተለይቶ የሚቀመጥ ግልባጭ) አይደለም። ይሄን የሚያምታታ ሰው በጣም ብዙ ነው። ሲንክ ስህተታችሁንም እኩል ያመሳስለዋል፣ አንዱ ስልክ ላይ ያጠፋችሁት ሁሉም ላይ ይጠፋል፣ ልጅ ስልክ ይዞ ሲጫወት የነካካውም እንደዛው። የጉግል ካላንደርን በኮምፒውተር ስትከፍቱት ቅርጫት አለው፣ የተሰረዘ ነገር 30 ቀን ያህል ይቆያል፣ ከዛ በኋላ ግን የለም።

የት ነው የሚስተካከለው ላላችሁ፣ አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ አካውንትስ፣ ጂሜይላችሁን ነክታችሁ "አካውንት ሲንክ" ውስጥ ካላንደር የሚለው መብራቱን ታያላችሁ። ከዛ ካላንደሩ ውስጥ አዲስ ቀጠሮ ስትከፍቱ የትኛው አካውንት ስር እንደሚጻፍ ቀና ብላችሁ አንብቡ፣ እኔን የጎዳችኝ እቺ መስመር ነች። አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ የካላንደር አካውንቶች የሚል አለ፣ እዛ ጉግልን ጨምራችሁ ካላንደር የሚለውን ታበራላችሁ፣ ከዛም "ዲፎልት ካላንደር" የሚለውን ጉግል አድርጉት፣ አለበለዚያ አዲሱ ሁሉ አይክላውድ (የአፕል መዝገብ) ውስጥ ይገባና አንድሮይድ ስልካችሁ አያየውም። አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፦ ሰው ሼር ያደረገላችሁ የጉግል ካላንደር የአይፎኑ ካላንደር ላይ በራሱ ላይመጣ ይችላል፣ ሲንክ ሰሌክት የሚባል የጉግል ገጽ በብሮውዘር ከፍታችሁ እዛ ላይ ምልክት ማድረግ አለባችሁ። ይሄን ገጽ ለማወቅ እኔ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ።

እነዚህ የማይዋደዱ ኩባንያዎች እንዴት ተግባብተው ቀጠሮ ይለዋወጣሉ ካላችሁ፣ የጋራ ቋንቋ ስላላቸው ነው። አይካላንደር የሚባለው የአጻጻፍ ስርዓት ከ1998 ጀምሮ አለ (የቴክኖሎጂውን ዓመት የምጽፈው በፈረንጅ ነው)፣ አይሲኤስ የሚል ፋይል በኢሜይል መጥቶላችሁ የሚያውቅ ከሆነ እሱ ነው። መዝገቡን ለማንበብና ለመጻፍ ደግሞ ካልዳቭ የሚባለው በ2007 ወጣ፣ አይፎን ከጉግል ካላንደር ጋር የሚነጋገረው በዛ ነው። ከዛ በፊት በ1996 አካባቢ ፓልም ፓይለት የሚባሉ የኪስ መሣሪያዎች ነበሩ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ በተያያዘ ማስቀመጫ ላይ ትሰኩትና አንዲት ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ያኔ ሲንክ በእጅ የሚሠራ ሥራ ነበር። አሁን በራሱ ስለሚሆን ነው አለመሆኑን ሳናውቅ የምንቀረው።

ወደ ታስክ ስንመጣ፣ ማለትም "ዘይት መግዛት፣ መብራት መክፈል፣ ለእገሌ መደወል" የሚለው ዝርዝር፣ ነገሩ ይበላሻል። የጋራ ቋንቋው ለታስክም ቦታ ነበረው፣ ትልልቆቹ ግን በየፊናቸው ሄዱ። የጉግል ታስክስ በጉግል መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አይፎናችሁ ላይ ጉግልን ብታስገቡም ቀጠሮው የአፕሉ ካላንደር ላይ ይመጣል፣ ታስኩ አይመጣም፣ እሱን ለማየት የጉግልን አፕ ራሱን መጫን ነው። የአፕል ሪማይንደርስም በ2019 ከአይኦኤስ 13 (ከአይፎን ሲስተም) ጋር ሲታደስ ከድሮው መንገድ ወጣ፣ አንድሮይድ ላይ እሱን በወጉ አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ስለዚህ የኔ ምክር አጭር ነው፣ ለቀጠሮ የፈለጋችሁትን መነጽር ተጠቀሙ፣ ለታስክ ግን ሁሉም ስልኮቻችሁ ላይ የሚጫን አንድ አፕ ምረጡና እሱ ላይ ሙጭጭ በሉ። ጉግል ታስክስ፣ ማይክሮሶፍት ቱ ዱ፣ ቱዱኢስት፣ ቲክቲክ አንድሮይድም አይፎንም ላይ አሉ። ስትመርጡ መረጃውን ፋይል አድርጎ ማውጣት ይቻላል ወይ የሚለውንም እዩ፣ ምክንያቱም አፕ ይሞታል፣ ዉንደርሊስት የሚባለውን ስንት ሰው ይወደው ነበር፣ ማይክሮሶፍት በ2015 ገዛው በ2020 ዘጋው።

ፕለይ ስቶር ላይ ስትፈልጉ ደግሞ አንድ ቀላል መለያ አለች፦ ምንም ዓይነት አካውንት የማይጠይቅ፣ የስልኩንም ካላንደር ልክፈት ብሎ ፈቃድ የማይለምን አፕ ሲንክ ሊያደርግ አይችልም፣ ከማን ጋር ይመሳሰላል? የኢትዮጵያ ካላንደር ከሚሉት አፖች አንዳንዶቹ እንደዚህ ናቸው፣ ቀን ለማየት አሪፍ ናቸው፣ ጾሙን በዓሉን ያሳያሉ፣ ግን እነሱ ላይ የምትጽፉት ማስታወሻ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የኛ አገር ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱ። ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ይዞ 3:00 ኤኤም ብሎ ያልጻፈ እጁን ያውጣ፣ ስልኩ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጮኾ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ ሲንክ ደግሞ ታማኝ ስለሆነ ሁለቱም ስልክ ላይ እኩል ያስጮኸዋል። ሁለተኛው የውጭ ዘመድ ነው። እህቴ ያለችው ዋሽንግተን አካባቢ ነው፣ እሁድ እሁድ በቪዲዮ እንገናኛለን፣ በኛ ማታ 2 ሰዓት በነሱ ከቀኑ 1:00። ኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ሲደርስ እነሱ ሰዓታቸውን ወደኋላ ይመልሳሉ፣ እኛ አንነካም። ቀጠሮውን የመዘገበችው እሷ ከሆነች ለሷ 1:00 እንዳለ ይቆያል፣ የኔ ስልክ ላይ ግን ወደ ማታ 3 ሰዓት ይሸሻል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ከመዘገብኩት ደግሞ የኔ 2 ሰዓት ይጸናና የሷ ወደ እኩለ ቀን ይመጣል። ሲንኩ አልተሳሳተም፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ የተወለደበትን አገር ሰዓት ይዞ ነው የሚሄደው። እናቴ ቶሎ ስለምትተኛ እኛ ቤት መዝጋቢዋ እኔ እንድሆን ተስማምተናል።

ሦስተኛው ማህበሩ ነው። ወር በገባ በ12 የሚካኤል ጽዋ አለን። "በየወሩ" ብዬ ብመዘግበው ስልኩ የሚቆጥረው የፈረንጁን ወር ነው፣ በኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2018 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 22 ነበር፣ ጥቅምት 12 ኦክቶበር 22 ላይ ገጠመ፣ ኅዳር 12 ግን ኖቬምበር 21 ሆነ፣ እያለ ይንሸራተታል። ብልጥ ሆንኩ ብዬ "በየ30 ቀኑ" አልኩት፣ በጣም ቆንጆ ነው፣ እስከ ነሐሴ 12 ድረስ ዝንፍ አይልም። ከዛ ጳጉሜ መጣችና 5 ቀኗን ጣልቃ አስገባች፣ ስልኩ መስከረም 12 ቀን 2019ን መስከረም 7 ላይ አድርጎት ቁጭ! በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ ልዩነቱ 6 ቀን ይሆናል።

መፍትሔው አያምርም ግን ይሠራል። ድግግሞሹን ነሐሴ 12 ላይ እንዲያበቃ ነው የማደርገው፣ በየ30 ቀኑ፣ 12 ጊዜ፣ በቃ። አዲስ ዓመት ሲገባ ከመስከረም 12 እንደገና አስጀምረዋለሁ። ይሄን "ማህበር" የሚል ለብቻው የሆነ የጉግል ካላንደር ከፍቼ እዛ ውስጥ ነው የጻፍኩት፣ ለማህበርተኞቹ ሼር አድርጌዋለሁ፣ ማየት እንጂ መቀየር እንዳይችሉ አድርጌ፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ አንዷ "ከስልኬ ላይ ብቻ ላጥፋው" ብላ የአሥራ አንድ ሰው ቀጠሮ አጥፍታብናለች።