የክልልና የፌዴራል ጭቅጭቅ፦ ከአንቀጽ 52 እስከ ጣርማበር

ሰሜን ሸዋ ሲባል የትኛው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዱ ዞን አማራ ክልል ነው፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ነው፣ መቀመጫው ፍቼ። እዚህ የምናወራው ስለ ደብረ ብርሃኑ ነው። ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ በሱ በኩል ስለሚያልፍ፣ ክልልና ማዕከል ሲጣሉ ዳፋው አይቀርለትም።

ነገሩ ከፌዴራሊዝም ይቀድማል። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ አባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጦር አስከትተው መጡ። ጥቅምት 17 እዚሁ ሸዋ ውስጥ ሰገሌ ላይ በማዕከሉ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ። ያኔ የሚጠቀስ አንቀጽ አልነበረም።

ዛሬ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 መከላከያን ለፌዴራል፣ በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስን ለክልል ሰጥቷል። ልዩ ኃይል የሚባል ነገር ግን የትም አልተጻፈም። ክልሎች አደራጅተው አስታጠቁት፤ ለዓመታት ተው ያላቸው የለም። ለእኔ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አንድ ክልል ውሳኔውን አልቀበልም ካለስ? እዚያ ላይ ወረቀቱ ያልቃል።

2012 ላይ የሆነው ይሄው ነው። ምርጫው በኮሮና ምክንያት ተራዘመ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱም የመንግሥትን ዘመን አስረዘመ። ትግራይ አሻፈረኝ ብላ ጳጉሜን 4 የራሷን ምርጫ አካሄደች። ምክር ቤቱ ምርጫውን ቀድሞ እንዳልተደረገ ቆጥሮት ነበር። ከዚያ አንዱ ሌላውን ሕገወጥ ይለው ጀመር፤ የበጀት ጣጣ ተጨመረበት። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ትግራይ የነበረው የመከላከያ ሰሜን እዝ ተጠቃ፤ ጦርነቱ ፈነዳ። በዓመቱ፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ ውጊያው ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና መጣ። ከዚያ በላይ ያለው የጣርማበር ዳገት ነው፤ ዳገቱን ከወጡ ደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። አምስት ወር ቆይቶ ያ ቀዳዳ በሌላ በኩል አፈሰሰ። የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ ይግቡ አለ። አማራ ክልል ውስጥ ብዙዎች «ደጃችን ባዶውን ሊቀር ነው» ብለው ተቃወሙ። ከልዩ ኃይሉ አባላት ከፊሉ ወደ ታጣቂው ፋኖ ሄደ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሰሜን ሸዋም እንደገና የውጊያ ቀጠና ሆነ።

ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት ቆሎ የሚያቀብሉ ሻጮች አሉ። መንገዱ ሲዘጋ ቆሎው ሰፌዱ ላይ ያድራል።