የጤና መድኅን ምንድን ነው? ከቀበሌ ስብሰባ እስከ ፋርማሲው መስኮት

እናቴ የጤና መድኅን ደብተሯን የምታስቀምጠው ከመሬት ደብተሯ ጋር ነው። ሁለቱን በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ከሳጥኗ ግርጌ ትከታቸዋለች። አንደኛው መሬቱ የእሷ መሆኑን ይመሰክራል፤ ሁለተኛው በእጇ ሳንቲም ባይኖር እንኳ ስትታመም እንደምትታከም። ሁለቱም ማኅተም አላቸው፤ ለእሷ ትልቁ ነገር ማኅተሙ ነው። መንዝ ላይ ያረጀ ሰው የመንግሥት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እንደ ዋዛ አይጥለውም።

ይህ ደብተር ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ከቃሉ እጀምራለሁ። «መድኅን» እና «መድኃኒት» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከግእዙ «ድኅነ» የወጡ፣ መዳንን የሚናገሩ ቃላት ናቸው። ይህንን ወንድማማችነት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ማለት ደመወዝተኛ ያልሆነው ሰው፣ ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ጉሊት ላይ የምትቸረችረዋ፣ በደኅና ቀን ገንዘብ አዋጥቶ በክፉ ቀን ከጋራው ካዝና የሚታከምበት ሥርዓት ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላሉ። የሚመዘገበው ቤተሰቡ በሙሉ ነው፤ የታመመውን አስመዝግቦ ደኅነኛውን መተው አይፈቀድም። ምክንያቱም ታማሚ ብቻ የሚያዋጣበት ካዝና ዓመቱን ሳይጨርስ ይደርቃል። ክፍያው የሚሰበሰበው ገብሱና ባቄላው ተወቅቶ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ በሚያይበት በጥርና በየካቲት ነው። ታማሚው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ አቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ይጻፍለትና ወደ ሆስፒታል ይሻገራል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍላል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኅኑ አይሸፈኑም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ዕድር ይመስላል፤ ለገበሬው ሲያስረዱትም በዕድር ነው የሚያስረዱት። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ዕድር ላይ ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን አባሉ ራሱ ይመርጣል። ድንኳኑ ከተቀደደ፣ ብረት ድስቱ ከጎደለ፣ በወሩ ስብሰባ ተነሥቶ «የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። የጤና መድኅኑን የወረዳ ቦርድ የሚመራው ግን የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የሚሠሩት ሠራተኞች የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው። የመዋጮውን ልክ የሚወስነው ከፍ ያለ አካል ነው። ስለዚህ ይህ ዕድር ገንዘቡ የገበሬው፣ ዳኝነቱ የሹሙ የሆነ ዕድር ነው። ሹሙ ሲተጋ ይሠራል፤ ሹሙ ሌላ ነገር ሲይዘው ይተኛል።

ይህን የምለው መንግሥት ከጤና ይውጣ ለማለት አይደለም። መንግሥት ቆርጦ ሲነሣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በዓይናችን አይተናል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የተወሰነው ውሳኔ ቀላል አልነበረም። ባለችው ገንዘብ ትልልቅ ሆስፒታል ከመሥራት ይልቅ በየገጠር ቀበሌው አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ሴት ልጆችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቆርጦ ጤና ኬላ ላይ ማስቀመጥ ተመረጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሆኑ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ፣ ሁሉም ድርሻ አለው። እንዲህ ያለውን ለውጥ ያመጣው ግን አንድ ሐኪም ወይም አንድ መድኃኒት አይደለም። ገንዘቡ ወዴት ይሂድ፣ ማን ይቀጠር የሚለው ውሳኔ ነው፤ ፖለቲካ የምንለውም እሱኑ ነው።

የጤና መድኅኑም እንደዚያው የውሳኔ ልጅ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከነዚያ አንዷ ጎረቤታችን ኩዩ ነበረች፤ በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ፣ ሰላሌ ማለት ነው። ቀስ በቀስ ወደ እኛው፣ ወደ አማራው ሰሜን ሸዋ ዞን ወረዳዎችም ደረሰ፤ ዛሬ አብዛኛውን የአገሪቱን ወረዳ ይዟል። ሌላ መንገድ መምረጥ ይቻል ነበር። ታይላንድ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለሁሉም ዜጋ የሚሆን ሕክምና ስታውጅ ገበሬዋን መዋጮ አልጠየቀችም፤ ወጪውን በግብር ሸፈነችው። እኛ አገር የተመረጠው ገበሬው እንዲያዋጣ፣ መንግሥት እንዲደጉም ነው። የፌዴራሉ ድጎማ መጀመሪያ የመዋጮውን 25 በመቶ ያህል ነበር፤ ኋላ ወደ 10 በመቶ ዝቅ አለ። መክፈል ለማይችለው ድሃ ደግሞ ክልሉና ወረዳው ተጋግዘው ይከፍሉለታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ለጤናና ለትምህርት የሚመደበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ መሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከመንግሥት በጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። የኛው በጀት እዚያ አልደረሰም።

አሁን አንድ የማይመቸኝን ነገር ልናገር። እኔ መምህር ነኝ። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድኅን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ከታወጀ በኋላ ዕቅዱ ከደመወዛችን 3 በመቶ እንዲቆረጥ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ እንዲጨምር ነበር። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ተቃውሞ ተነሣ። «መድኃኒት በሌለበት ጤና ተቋም ደመወዛችን አይቆረጥም» ካልነው አንዱ እኔ ነበርኩ። መንግሥት ሰማ፤ ትግበራው በተደጋጋሚ ተገፋ። ያው እኔ ግን ጥር ላይ ለምዝገባ ዘመቻ ስመደብ ደብተር ይዤ ቤት ለቤት ዞሬ፣ ገበሬውን «ክፈል፣ ትታከማለህ» ብዬዋለሁ። ከግምገማ በፊት የቀበሌው ኮታ መሙላት ነበረበትና ብዙ ማብራሪያ ለመስጠት ጊዜ አልነበረንም። ሁለታችንም ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ የእኔ ተሰማ፣ የእሱ አልተሰማም። የጤና ሥርዓት በፖለቲካ ይቀረጻል ስል ከሁሉ በፊት የሚታየኝ ይህ ነው፦ ማን ቢናገር ይሰማል?

ባለፈው ጥቅምት እናቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደም ግፊት አለባት። ጎሕ ሲቀድ ደርሰን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን አግዳሚው ላይ ተራ ጠበቅን። ካርድ ክፍሉ ደብተሯን አይቶ አስተላለፈን፤ አንድ ብር የጠየቀን የለም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጊዜ ወስዶ አዳመጣት፣ ሁለት ጊዜ ለካት፣ ሦስት መድኃኒት ጻፈ። ሁሉም እንደተባለው እየሄደ ነበር። ፋርማሲው መስኮት ላይ ስንደርስ ልጅቷ ወረቀቱን አየችና በእስክሪብቶ አንዱን ጭረት፣ ሁለቱን ኤክስ አደረገቻቸው። «እናቴ፣ ይሄኛው አለ፤ ሁለቱ የሉም፣ ከውጭ ይግዟቸው።» እናቴ ደብተሯን በመስኮቱ መልሳ ዘረጋችላት፤ ያላየችው መስሏት። «ከፍያለሁ እኮ ልጄ፣ ይኸው ማኅተሙ።» ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው የግል ፋርማሲ ሁለቱም መድኃኒቶች ነበሩት። የሁለት ወሩን ስንገዛ የወጣው ገንዘብ እናቴ ለዓመቱ መዋጮ ካወጣችው በለጠ። ያንን መዋጮ የከፈለችው ደግሞ አንድ ጠቦት ሸጣ ነበር።

መድኅኑ ተገኘ፣ መድኃኒቱ ጠፋ። የዚያች ልጅ ጥፋት አይደለም፤ ሰው ቁጣውን የሚያራግፈው ግን እሷ ላይ ነው። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ተከተሉት። ጤና ጣቢያው አባላቱን ያክማል፤ ሒሳቡን ጽፎ በየሩብ ዓመቱ ለወረዳው ጤና መድኅን ያቀርባል። የጤና መድኅኑ መዝገቡን መርምሮ ይከፍላል። ክፍያው ሲዘገይ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል። ገንዘቡ ቢኖረውም ከመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ መጋዘን የሚፈልገውን ላያገኝ ይችላል፤ አብዛኛው መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመድኃኒት ዋጋ አብሮ ናረ። ካዝናው ግን ጥር ላይ በተሰበሰበው መዋጮ ዓመቱን ሙሉ መዝለቅ አለበት። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የሚወስን ሰው አለ፦ ምንዛሪውን ለነዳጅ ነው ለመድኃኒት የምናስቀድመው? የጤና ጣቢያው ክፍያ በዚህ ሳምንት ይውጣ ወይስ ይደር? እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት ጤና ጣቢያው ውስጥ አይደለም።

ሹሙ የሚተጋው ደግሞ ለሚጠየቅበት ነገር ነው። እኔ በተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ የሚነበበው «ከዕቅዱ ስንት በመቶ አባወራ ተመዘገበ» የሚለው ነው። ስንት ሰው ፋርማሲው መስኮት ላይ «የለም» ተብሎ ተመለሰ የሚል ሪፖርት ሲነበብ አንድም ቀን አልሰማሁም። ሩዋንዳም ከንቲባዎቿን በጤና መድኅን ምዝገባ ቃል ታስገባለች፤ ትገመግማቸዋለች። ስለዚህ መመዘኑ ራሱ ክፉ አይደለም። የወረዳው አስተዳዳሪ ስለ ምዝገባው እንደሚጠየቀው በየወሩ ስለ መደርደሪያው ቢጠየቅ ኖሮ የሩብ ዓመቱ ክፍያ ባልዘገየ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የድሆቹ ዝርዝርም እንደዚሁ የሥልጣን ነገር ነው። በነፃ የሚታከሙትን የሚለየው ቀበሌው ነው፤ ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ ሁልጊዜ ከሚገባው ሰው የሚቀር አለ። ሰፈራችን ውስጥ ልጇ አረብ አገር ስለሄደች ብቻ «ደኅና ናት» ተብላ የተዘለለች ባልቴት አውቃለሁ። ልጇ ከሄደች ወዲህ አንዴም ገንዘብ አልላከችም። ቅሬታ ማቅረብ እንደሚቻል የነገራት አልነበረም።

ፖለቲካ ከዚህም በከፋ መልኩ ጤና ላይ ያርፋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱን የሰየመው በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነው። የአዲስ አበባውን የሕክምና ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዱ፣ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ከሌሎች ከ40 በላይ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፤ ኋላም ዓመታት በእስር አሳልፈው በ1991 ዓ.ም. አረፉ። ካምፓሱ ውስጥ የሚማሩት ልጆች ስሙን በየቀኑ በሩ ላይ ያነቡታል። ጦርነቱም አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን፣ ደብረ ሲናን፣ መንዝን አዳረሰ። ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ አልጋው፣ ማይክሮስኮፑ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ሳይቀር ተወሰደ ወይም ተሰበረ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ ይዘጋል፤ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አይደርስም፣ አምቡላንስ አይወጣም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሐኪሞችና ነርሶች በደመወዛቸው ጉዳይ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። እናቴን ሁለት ጊዜ የለካት ወጣት ሐኪም ያን ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው።

ደብተር ላላችሁ አንድ ሁለት ነገር ልናገር። መድኃኒት «የለም» ስትባሉ የሐኪሙ ማዘዣ ላይ አለመኖሩ ተጽፎ ማኅተም እንዲደረግበት ጠይቁ። አንዳንድ ወረዳ እንዲህ ያለውን ወረቀትና የግዢ ደረሰኝ ይዞ ለመጣ አባል ገንዘቡን ይመልሳል፤ አንዳንዱ ከተመረጠ ፋርማሲ ጋር ውል አለው። የናንተ ወረዳ የቱ እንደሆነ የወረዳውን ጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የመድኅኑ አባላት ጠቅላላ ጉባኤ አላቸው፤ መቼ እንደሚሰበሰብ ጠይቃችሁ ተገኙ።

ዘንድሮ ጥር ላይ የቀበሌው ሰዎች ለዕድሳት እናቴ ደጅ ሲመጡ እኔም እዚያው ነበርኩ። ፌስታሉን ከሳጥኑ አወጣች። ደብተሯን ከመስጠቷ በፊት ያን የጥቅምቱን ማዘዣ፣ ሁለት ኤክስ ያለበትን፣ ለልጁ ዘረጋችለት። «ይሄን አይታችኋል?» አለችው። ልጁ ተቀብሎ አነበበው፤ ጎረቤቶችም ተጠግተው አዩት። «እናቴ፣ ይሄን እኔ አልወስንም» አላት። «አውቃለሁ ልጄ፤ የሚወስነው ዘንድ አድርስልኝ» አለችና ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠችው። ማዘዣውን አጥፎ ከደረሰኝ ጥራዙ መሐል አስገባው።