ሞንስተር ትራክ ምንድን ነው?

ሞንስተር ትራክ ከላይ ሲታይ የፒክአፕ መልክ ያለው፣ ከሥሩ ግን ቁመታቸው 1 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጎማዎች ላይ የቆመ፣ በስታዲየም ውስጥ አሮጌ መኪኖችን ለመጨፍለቅ፣ ለመዝለልና ለመሽቀዳደም የሚሠራ ተሽከርካሪ ነው። ዛሬ ከመጀመሪያው ለትርኢት ታስቦ ይሠራል፤ የተወለደው ግን በጋራዥ ውስጥ፣ የተሰበረ ዕቃን በሌላ ከመተካት ሥራ ነው።

ታሪኩ በአብዛኛው የሚጀምረው በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ አካባቢ በግንባታ ሥራ ይተዳደር ከነበረው ከቦብ ቻንድለር ነው። ቻንድለር ከመንገድ ውጭ መንዳት ይወድ ነበር፤ ሞተሩ አራቱንም ጎማ ለሚያዞርለት መኪናው ግን በአቅራቢያው ጥሩ ጠጋኝም ሆነ መለዋወጫ ስላላገኘ፣ ከባለቤቱ ከማሪሊንና ከጓደኛው ከጂም ክሬመር ጋር በ1970ዎቹ አጋማሽ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የራሱን ጋራዥ ከፈተ። የ1974 ሥሪት የሆነው ፎርድ ኤፍ-250 ፒክአፑም የጋራዡ ማስታወቂያ ሆነ። ነዳጅ መርገጫውን አጥብቆ እየረገጠ ዕቃ ይሰብር ስለነበር፣ የሥራ ባልደረባው ስለ እግሩ ትልቅነት እየቀለደ ያወጣለት «ቢግፉት» (ትልቅ እግር) የሚለው ቅጽል ለመኪናው ስም ሆኖ ቀረ።

መኪናው እየገዘፈ የሄደበት ምክንያት ሜካኒካዊ ነው። ጎማ ሲተልቅ መኪናው ከመሬት ከፍ ስለሚል ጭቃና ድንጋይ አያግደውም፤ ነገር ግን የጎማው ክብደትና ስፋት ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ (አክስል) እና የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ በሚያከፋፍለው ጥርስ (ዲፈረንሻል) ላይ የሚያርፈውን ጫና ያበዛል፤ በተለይም እየተሽከረከረ ያለ ጎማ በድንገት መሬት ሲቆነጥጥ ኃይሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ደካማውን ክፍል ይሰብራል። ቻንድለር የተሰበረውን ከወታደራዊ ጭነት መኪና በተወሰደ ከባድ አክስል ተካ። አዲሱ አክስል ሲከብድ ብርቱ ሞተር አስፈለገ፤ ብርቱው ሞተር ደግሞ ካምቢዮውን ፈተነ፤ ሁሉም ሲጠነክር ከዚያ የሚበልጥ ጎማ መሸከም ተቻለ። በ1979 የኋላ ጎማዎቹም በመሪ እንዲታጠፉ ተደረገ። በእኔ ግምት የፈጠራው እምብርት ይህ ነው፤ አንድም ሰው ቁጭ ብሎ እንዲህ ያለ ግዙፍ መኪና አልነደፈም፣ እያንዳንዱ ጥገና የሚቀጥለውን እየጠራ ሠራው እንጂ።

በ1981 ቻንድለር በአንድ የእርሻ ማሳ ላይ ሁለት አሮጌ መኪኖችን አቁሞ በላያቸው ነዳባቸውና በቪዲዮ አስቀረጸው። ቪዲዮውን በጋራዡ ያየ አንድ የትርኢት አዘጋጅ በሕዝብ ፊት እንዲደግመው ሲጠይቀው፣ መኪናው የጥፋት ምልክት ተደርጎ እንዳይታይ በመስጋት መጀመሪያ አመነታ። በኋላ ግን ተስማማ፤ በ1982 በሚሺጋን በሚገኘው የፖንቲያክ ሲልቨርዶም ስታዲየም በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ተመልካች ፊት ትርኢቱን አቀረበ።

በዚያው ዘመን ሌሎችም ተመሳሳይ መኪኖችን እየሠሩ ነበር። ጄፍ ዴን «ኪንግ ኮንግ»ን፣ ኤቨረት ጃስመር በሚኒሶታ «ዩኤስኤ-1»ን፣ ፍሬድ ሼፈርና ጃክ ዊልማን «ቤር ፉት»ን ሠርተዋል። «ሞንስተር ትራክ» የሚለውን መጠሪያ ያወጣው የትርኢት አዘጋጁ ቦብ ጆርጅ እንደሆነ ይነገራል። ዴኒስ አንደርሰንም በ1982 ከአሮጌ ብረት ያቆመውን «ግሬቭ ዲገር»ን መጀመሪያ በጭቃ ውድድር ነዳው። ስለ ቀዳሚነት የተነሣው ክርክር ረጅም ነው፤ ሆኖም ተፎካካሪዎቹ ባይኖሩ ቢግፉት ብቻውን አስደናቂ መኪና ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሽቅድምድም አይወለድም ነበር።

መግዘፍ ጫፉን የነካው በ1986 በቀረበው «ቢግፉት 5» ነው፤ በ1950ዎቹ ለአሜሪካ ጦር ከተሠራ የበረዶ ምድር ባቡር-መሰል ተሽከርካሪ የተወሰዱት ጎማዎቹ 3 ሜትር ይረዝማሉ፤ ክብደቱም ወደ 13 ቶን ይጠጋል። እንዲህ ያለው ክብደት ግን ለመዝለል አይመችም። ስለዚህ ቻንድለር አቅጣጫውን ቀይሮ በ1989 በኮምፒውተር የተነደፈውን «ቢግፉት 8» አወጣ፤ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው አጽም) ከብረት ቧንቧ የተበየደ፣ ባሌስትራው (ከተነባበረ ብረት የሚሠራው ስፕሪንግ) ተነሥቶ በናይትሮጅን ጋዝ በሚሠራ ንዝረት መከላከያ የተተካ ነበር። ተፎካካሪዎቹም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፤ ዛሬ ያሉት ሞንስተር ትራኮች ከፒክአፕ የቀራቸው የፋይበርግላስ ሽፋኑ ቅርጽ ብቻ ነው፤ አደጋ ሲያሰጋም ከሜዳው ዳር የቆመ ዳኛ ሞተራቸውን በሬዲዮ ማጥፋት ይችላል።