የአገር በቀል ደንን ከነዋሪው ጋር ማቀድ

አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው መንግሥትና በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ተዋውለው ደኑን በጋራ የሚጠብቁበትና የሚጠቀሙበት አሠራር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። መሞከሪያ ከሆኑት የመጀመሪያ ቦታዎች መካከል ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን፣ የካፋው የቦንጋ ደንና ባሌ ተራሮች አጠገብ ያለው የአዳባ-ዶዶላ ደን ይገኙበታል። ጭሊሞንና ቦንጋን የደገፈው ፋርም አፍሪካ የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው፤ አዳባ-ዶዶላን ደግሞ የጀርመን መንግሥት የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ቀላል ነበር። በ1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ትልልቆቹ ደኖች የመንግሥት ሆኑ። ጠባቂ ተቀጠረላቸው። ጠባቂው ቀን ይዞራል፣ እንጨት ፈላጊው ማታ ይገባል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂው ወደ ቤቱ ሄደ፣ በብዙ አካባቢም ምንጣሮው ባሰ። ሕዝቡ ዛፍ ጠልቶ አይደለም። ባለቤት የሌለው ነገር ላይ ቀድሞ ያልቆረጠ ይቀርበታል።

ዕቅዱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ተጠቃሚው ማን ነው የሚለው ነው። ነገሩ የሚከረውም እዚህ ላይ ነው። ደኑ ውስጥ ቤት ያለው አለ። በበጋ ከብቱን ነድቶ የሚመጣ አለ። ማገዶ ለቅማ ገበያ የምታወርድ እናት አለች፣ ቀፎ የሰቀለ ሽማግሌ አለ፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት አለ። ቀጥሎ ካርታ ይሠራል። ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ነው የሚሳለው፦ ወንዙ በአመድ፣ ቤቱ በጠጠር፣ ደኑ በቅጠል። ወንዶቹ ድንበሩን ሲያሳዩ ሴቶቹ ደረቅ እንጨት የት እንዳለቀ፣ የትኛው ምንጭ ቶሎ እንደሚደርቅ ይናገራሉ። ባለሙያ ከሳተላይት ምስል የማያገኘው ይሄንን ነው። ከዚያ ሽማግሌዎችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ድንበሩን በእግር ይዞራሉ፣ ደኑ ይቆጠራል፣ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል፣ የተጠቃሚዎቹ ማኅበርና መንግሥት ይፈራረማሉ።

አዳባ-ዶዶላ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቁጥሩን ደፍሮ ያስቀመጠ ስለሆነ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና አስታ የሚበቅልበት ደጋ ነው። እዚያ የተቋቋሙት ቡድኖች ዋጂብ ይባላሉ፣ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ስሌቱ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን፣ በአንድ ቡድን ቢበዛ 30 አባወራ ነበር። ቡድኑ ለደኑ ኪራይ ይከፍል ነበር፤ በምላሹ በዕቅዱ መሠረት እንጨት ይጠቀም፣ አዲስ ሰፋሪ እንዳይገባም ይከለክል ነበር። ከቱሪስት የፈረስ ጉዞም ገቢ ያገኙ ነበሩ። ቁጥሩ ግን ሌላ ጣጣ አለው። 30ኛው ገብቶ 31ኛው ሲቀር፣ የቀረው ሰው ያው ጎረቤት ነው። ደኑን የሚያውቀው ደግሞ ከገባው እኩል ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዚህ ዓይነት ዕቅድ ትልቁ ፈተና ዛፉ ሳይሆን ይህ ሰው ነው። ስብሰባው ላይ ካልተነሳ በኋላ በመጥረቢያ ይነሳል።

ሕጉ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሆነ ሲተገበር የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። የ1999ኙ የደን አዋጅ ግን የሚያውቀው የግልና የመንግሥት ደንን ብቻ ነበር። የማኅበረሰብና የማኅበር ደን በባለቤትነት ዓይነት የታወቁት በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ መንደር ደን ሲጠብቅ የኖረው በውል ወረቀት ብቻ ነበር።

ገቢ ከሌለ ግን ደንቡም ውሉም ብዙ አይራመድም። ካፋ ውስጥ የጫካ ቡና፣ ኮረሪማና ማር አለ፤ ደኑ ቆሞ ነው የሚከፍለው። ጅማ ውስጥ ባለው በለጠ-ገራ ደን ላይም በጃፓን መንግሥት የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የጫካ ቡናው ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ በቅቷል። ጥድ ብቻ ባለበት ደጋ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ደኑን ማስፋት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ችግኝ ነው። ወላይታ ውስጥ የሚገኘው ሁምቦ ሌላ ነገር ያሳያል። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተደረገ፣ አብዛኛውም የለማው ከነበረው ጉቶና ሥር ነው። ገበሬዎቹ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ቁጥቋጦውን እየመረጡ ይገርዛሉ። ከብት አይገባም፤ ሣሩ ታጭዶ ይወጣል። ግብረ ሰናዩ ድርጅት ዎርልድ ቪዥን የደገፈው ይህ ሥራ በ2002 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሽያጭ ሥርዓት፣ ማለትም ዛፍ ከአየር ለሚወስደው ካርቦን ክፍያ በሚገኝበት አሠራር፣ ተመዘገበ። ተራራው ከመዘጋቱ በፊት ግን ከብቱ የት ይግባ የሚለው መመለስ ነበረበት።

ባህር ዛፍም ከዕቅዱ መውጣት የለበትም። ገበሬው ቶሎ የሚሸጥ እንጨት ይፈልጋል፤ ዝግባና ወይራ ዕድሜ ይጠይቃሉ። በየጓሮው ባህር ዛፍ ይተከል ብሎ መስማማት፣ አገር በቀሉን ከመጥረቢያ የማትረፊያ መንገድ ነው። ባህር ዛፍን ጠላት ብቻ አድርጎ የሚጀምር ስብሰባ ግማሹን ሰው ገና ሳይቀመጥ ያጣል።

በሰሜኑ ደግሞ ያለ ፕሮጀክት የቆየ ጥበቃ አለ፦ የቤተ ክርስቲያን ደን። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ላይ በተደረገ ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ችግሩ ዳሩ ነው። ከብት ገብቶ ቡቃያውን ስለሚግጥ ትልቁ ዛፍ ተተኪ ያጣል። መፍትሔው ከቄሶቹና ከምእመናኑ ጋር በተደረገ ምክክር ተገኘ፦ የድንጋይ ካብ። ድንጋዩን ገበሬው ከማሳው ለቅሞ ያመጣል፣ እርሻውም አብሮ ይጸዳል። አንዳንዶቹ ካቡን የሠሩት ከደኑ ጠርዝ ወጣ አድርገው ነው፤ በመሃል የቀረው ባዶ መሬት ለቡቃያው ተትቷል።