«60 ፐርሰንት ሳቹሬሽን» 60 ግራም ማለት አይደለም

ማርቆስም ባህር ዳርም ላብራቶሪ ገብታችሁ ከግብጦ ፍሬ ፕሮቲን በአሞኒየም ሰልፌት (ፕሮቲን የሚያዘቅጥ ጨው) የምታወጡ ልጆች፣ ፕሮቶኮሉ 60 ፐርሰንት ሳቹሬሽን ሲል በ100 ሚሊ 60 ግራም ጨምሩ ማለቱ አይደለም። ውሃው ሊያሟሟ ከሚችለው ጨው 60 ፐርሰንቱ ነው፣ እሱም በሙቀት ይለያያል፣ ከዜሮ ተነስታችሁ እዛ ለመድረስ በ25 ዲግሪ ለአንድ ሊትር 390 ግራም ገደማ፣ በዜሮ ዲግሪ ግን 361 ገደማ ነው የሚገባው። ደሞ እያማሰላችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩት፣ አንዴ ከገለበጣችሁት አንድ ቦታ ጨው ይበዛና ያልፈለጋችሁት ፕሮቲን ሁሉ አብሮ ይዘቅጣል።

ዝቃጩን ዳያሊሲስ (ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ከረጢት አድርጎ ጨውን ወደ ውጭ ማስወጣት) ሳታደርጉ ባክቴሪያ ላይ እንዳትሞክሩት! ናሙናው ያለበት የወረቀት ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ቢወጣ እንኳ ያገደው ጨው ይሁን ፕሮቲን በምን ይታወቃል? ግብጦ ላይማ ይብሳል፣ ያ እናቶቻችን ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ዘፍዝፈው የሚያስለቅቁት ምሬት አልካሎይድ ነው፣ እሱም ራሱ ባክቴሪያ ሊያግድ ይችላል። ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ግን በከረጢቱ ቀዳዳ ይወጣል፣ ፕሮቲኑ ይቀራል (የምትፈልጉት ትንንሽ የፕሮቲን ቁራጭ፣ ፔፕታይድ፣ ከሆነ አብሮ እንዳያመልጣችሁ የቀዳዳውን መጠን ቀድማችሁ እዩ)። በፈሩንም (ፕሮቲኑን ያሟሟችሁበትን ፈሳሽ) ብቻውን ሌላ ዲስክ ላይ አድርጉ፣ እሱም ቀለበት ከሰራ ውጤቱ አይቆጠርም።