የጳጉሜን ሱባኤ እና የአዲስ ዓመት ዕቅድ

የጳጉሜን ሱባኤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን አሮጌው ዓመት ሊሸኝ በቀሩት ቀናት በጾምና በጸሎት ራሳቸውን የሚመረምሩበት፣ ለቀጣዩ ዓመት ዓላማ የሚይዙበት ልማድ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6 ትሆናለች። በ600 ዓመት አንዴ 7 ትሆናለች የሚሉም አሉ። ስሟ «ተጨማሪ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

ጾሙ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም፤ የፈቃድ ጾም ነው፣ ጾመ ዮዲትም ይባላል። ፍልሰታ በተፈታ በሁለት ሳምንት ስለሚመጣ ሰውነት ገና አላገገመም፤ ስለዚህ የታመመ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከንስሐ አባት ጋር ሳይመክሩ አይጀምሩም። «ሱባኤ» ሰባት ከሚለው የግእዝ ቁጥር የወጣ በመሆኑ፣ ሰባት መሙላት የሚፈልጉ ነሐሴ 29 ይገባሉ፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ነሐሴ 30። አምስቱን ብቻ የያዘም ያው ሱባኤ ያዘ ይባላል።

ከመግባት በፊት የሚጠየቀው ሱባኤው ስለ ምን እንደሚያዝ ለይቶ ማወቅ ነው። ሦስትና አራት ጉዳይ ይዞ የገባ በሁለተኛው ቀን ሐሳቡ ይበተናል። ምግቡ እስከ 9 ሰዓት ተጹሞ ቆሎ፣ ጥሬ፣ ዳቦና ውኃ ነው። ለመዝሙረ ዳዊት የጳጉሜን ስሌት የተመቸ ነው፤ 150ው መዝሙር እያንዳንዱ አሥር መዝሙር በያዘ 15 ክፍል፣ ማለትም በ15 «ንጉሥ» ስለሚከፈል፣ በቀን 3 ንጉሥ፣ ማለትም 30 መዝሙር፣ በአምስት ቀን ይደመደማል። አንዱን ንጉሥ በነግህ፣ አንዱን በቀትር፣ አንዱን በሠርክ ማድረስ ይቀላል። ሦስቱንም ለማታ ያቆየ እንቅልፍ ይጥለዋል። ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው፤ በዕለቱ የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ስለሚቆጠር ልጅ አዋቂው ይጠመቅበታል።

ምርመራው በደብተር ቢሆን ይሻላል። በአንድ ገጽ ሰው ከሁሉ አስበልጦ አከብረዋለሁ የሚለውን ይጽፋል፦ እምነት፣ ወላጅ፣ ትዳር፣ ሥራ፣ እውቀት። በትይዩው ገጽ ባለፉት 12 ወራት ጊዜውና ገንዘቡ የት እንደዋለ ያሰፍራል። ወላጆቼን አስቀድማለሁ ብሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የጠየቃቸው ሰው ልዩነቱን እዚያው ያየዋል። የተቀያየመውም በዚሁ ይጻፋል፤ መስከረም 1 ሳይደርስ ሽማግሌ ልኮ መታረቅ የዕቅዱ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ትልቅ ግብ አንድ ይበቃል፤ የቤት መሥሪያ፣ ዲግሪ መጨረስ፣ ከዕዳ መውጣት ሊሆን ይችላል። በዓመት 60,000 ብር ማስቀመጥ የሚሻ ለ12 ወር በወር 5,000 ብሎ ያካፍላል፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ዕቅድ ይሰበራል። መስከረም የበዓል፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የደብተር ወር ስለሆነ የመጀመሪያው መዋጮ ይጎድላል፤ የጎደለውን ለመሙላት ሲባል ጥቅምትም ይናጋል። መስከረምን ነጻ ትቶ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ በ11 ወር 5,455 ብር ማድረግ ይበጃል። ዕቁብ የሚገባም መጀመሪያውን ጥቅምት ያድርገው፤ ዳኛውና አባላቱ ስለሚጠብቁት ብቻውን ከሚቆጥበው ይልቅ ይጸናል።

መመርመሪያ ቀናቱን ዘመን አቆጣጠራችን ራሱ አዘጋጅቶልናል፦ መስከረም 26 መፀው፣ ታኅሣሥ 26 በጋ፣ መጋቢት 26 ፀደይ፣ ሰኔ 26 ክረምት ይገባል። በእነዚህ አራት ቀናት ደብተሩ ይገለጣል።

ስለት ከዕቅድ ይለያል። ግቡ ሲደርስ ለታቦት ይህን አስገባለሁ ብሎ የተሳለ ሰው ዕዳ ገብቷልና፣ ካህናት ከአቅም በላይ መሳልን አይመክሩም። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጓዙት ብዙዎቹ ስለታቸውን ለማድረስ የሚሄዱ ናቸው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ላይ ስለሚውል ቀናቱ ብዙውን ጊዜ የሥራ ቀናት ናቸው፤ እዚያ ያሉት የነግሁን መዝሙር ከሥራ በፊት፣ ቀትሩን በምሳ እረፍት፣ ሠርኩን ወደ ቤት ሲመለሱ ያደርሳሉ።