ፓዮደርማ ጋንግሬኖሰም ምንድን ነው? ሲነካካ የሚሰፋው ቁስል

አክስቴ ቅልጥሟ ላይ የወጣባትን ነገር መጀመሪያ ያየን ቀን ትንኝ የነከሳት ነበር የመሰለን። ትንሽ ቀይ ነገር፣ ጫፏ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል መግል ያላት። በአራተኛው ቀን ፈረጠች። ሳምንት ሳይሞላ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል ሆነ፤ በሁለተኛው ሳምንት የቡና ሲኒ አፍ አከለ። ሕመሙ ደግሞ ከቁስሉ መጠን ጋር አይገናኝም። የነጠላዋ ጫፍ ሲነካት ትጮኻለች። ሌሊት እግሯን ከብርድ ልብሱ ውጭ አውጥታ ነበር የምታድረው።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ አንቲባዮቲክ ተሰጣት፣ ለውጥ የለም። ሆስፒታል ሄድን። «የሞተ ሥጋ ይዟል» ተብሎ ዙሪያው ተቆርጦ ጸዳ። በሦስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ቁስሉ ከተቆረጠውም አልፎ ሄዷል። እንደገና ተቆረጠ፣ እንደገና ሰፋ። ከዚያ «እግሩ ሳይቆረጥ አይቀርም» የሚል ወሬ መጣ፤ ያን ቀን ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። በባለሙያዎቹ አልፈርድም። የቆሸሸ ቁስል ይጸዳል፣ የሞተ ሥጋ ይወገዳል፣ ይኼ ለአብዛኛው ቁስል ትክክለኛ ሕክምና ነው። ለዚህኛው ብቻ ነው በእሳት ላይ ጋዝ የሚሆነው።

አዲስ አበባ ያገኘናት የቆዳ ሐኪም ፋሻውን ከመፍታቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«እማማ፣ ቁስሉ ሲነካካ ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል?»

«ኧረ ልጄ፣ በነካችሁት ቁጥር እኮ ነው የሚሰፋው!»

አክስቴ ሳታውቀው ግማሹን ምርመራ ጨረሰችው። ቁስሉ ፓዮደርማ ጋንግሬኖሰም የሚባል በሽታ ነበር።

ስሙ ራሱ ሰው ያሳስታል። ፓዮደርማ ሲባል መግል የያዘ የቆዳ ኢንፌክሽን ማለት ነው፣ ጋንግሬኖሰም ደግሞ ጋንግሪን ያለበት፣ የበሰበሰ። በሽታው ግን ኢንፌክሽንም ጋንግሪንም አይደለም። ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ሉዊ ብሮክ እ.ኤ.አ. በ1908 እንዲህ ዓይነት ቁስል መዝግቦ ነበር። አሁን የምንጠራበትን ስም ያወጡለት ግን በ1930 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው፤ አምስት ሕመምተኞች አይተው፣ መነሻው ባክቴሪያ ነው ብለው ስላመኑ እንዲህ አሉት። ግምቱ ስህተት መሆኑ በኋላ ታወቀ፣ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ወረቀቱ ላይ «ጋንግሪን» የሚመስል ቃል ያነበበ ቤተሰብም ሆነ ጀማሪ ባለሙያ ወዲያው የሚያስበው መቁረጥን ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? ባጭሩ፣ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ራሱ ቆዳውን ሲያቆስል ማለት ነው። በደማችን ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ጀርም ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው፤ መግል የምንለውም በአብዛኛው የእነሱ ክምችት ነው። በዚህ በሽታ ኒውትሮፊሎቹ ጀርም በሌለበት ቆዳ ላይ በገፍ ይከማቻሉ፣ ጀርም ሊገድሉበት የያዙትን ኬሚካል እዚያው ይረጩታል፣ ሥጋው ይሟሟል። ጠላት የለም፣ ዘመቻው ግን አለ። ለዚህ ነው መግል እየታየ ባክቴሪያ የማይገኘው፣ አንቲባዮቲክም የማይሠራው።

ዘመቻውን ምን ያስነሳዋል የሚለው አንድ መልስ የለውም። ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሌላ ሕመም አብሯቸው አለ። ዋናዎቹ የአንጀት ብግነት በሽታዎች ናቸው፣ ማለትም አልሰረቲቭ ኮላይተስና ክሮንስ። ቀጥሎ ሩማቶይድ አርትራይተስና መሰል የመገጣጠሚያ ብግነቶች፣ ከዚያ ሉኪሚያን (የደም ካንሰርን) ጨምሮ አንዳንድ የደምና የመቅኔ በሽታዎች ይመጣሉ። ስለዚህ ሐኪሙ የእግር ቁስል እያየ «ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያውቅዎታል? ጠዋት ጠዋት ጣትዎ አልታዘዝ ይላል?» ብሎ ቢጠይቅ አይግረማችሁ። ጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ በዘር የሚተላለፍና በልጅነት የሚጀምር ዓይነት አለ፣ ያ ግን በጣም ብርቅ ነው። በሽታው ራሱም ብርቅ ነው፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ3 እስከ 10 የሚሆነውን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። በብዛት የሚታየው ከ20 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፣ ሴቶች ላይ ትንሽ ይበረክታል።

አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም! አክስቴ ጎረቤቶች ጋ ቡና ስትጠራ ለብቻዋ ሲኒ ይቀርብላት ጀመር፤ አይታ እንዳላየች ትጠጣለች፣ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ቁስሉን የነካ ሰው አይያዝም። በሲኒ፣ በአልጋ፣ በትንፋሽ አይተላለፍም፣ ምክንያቱም የሚተላለፍ ጀርም የለውም። መተትም እርግማንም አይደለም። ጸበል የምትጠጣ ትጠጣ፣ የማንንም እምነት አልነካም፤ ቁስሉን ግን በጨው፣ በሎሚ፣ በሚያቃጥል ቅጠል ማሸት ይቅር።

ወደ ሐኪሟ ጥያቄ ልመለስ፣ ምክንያቱም የበሽታው ቁልፍ እሱ ነው። ጉዳት በደረሰበት ቆዳ ላይ ቁስሉ አዲስ የመነሳት ወይም የመስፋት ጠባይ አለው። ሐኪሞች ፓተርጂ ይሉታል። መርፌ የተወጋ ቦታ፣ የተጋጨ ቅልጥም፣ የቀዶ ሕክምና ስፌት፣ ሁሉም መነሻ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሕመምተኛ ላይ አይታይም፣ ሲታይ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ታሪክ ነው። ስፌቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀላል፣ ይከፈታል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ነጭ የደም ሴል ቁጥር ይወጣል። ሁሉም ነገር ኢንፌክሽን ይመስላል። ወደ ቀዶ ክፍል ትመለሳለች፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ትመለሳለች። እርግጥ አብዛኛው የተከፈተ ስፌት እውነተኛ ኢንፌክሽን ነው፣ እሱን መተው ደግሞ ይገድላል። ግን የጀርም ምርመራው በተደጋጋሚ ባዶ ከሆነና በተቆረጠ ቁጥር ከባሰ፣ አንድ ሰው ቆም ብሎ የቆዳ ሐኪም መጥራት አለበት።

ቁስሉን በዓይን የሚለዩት እንዴት ነው ካላችሁ፣ ጠርዙን እዩ። የአክስቴ ጠርዝ የበሰለ የበለስ ልጣጭ የመሰለ ሐምራዊ ነበር፣ ትንሽ ያበጠ፣ ከሥሩ ደግሞ የተቦረቦረ። ሐኪሟ ቀጭን እንጨት በቀስታ ስታስገባ ከቆዳው ሥር ሸርተት ብሎ ገባ። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሣር ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ አፈሩ እንደተሸረሸረ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቅልጥም ላይ ይወጣል። የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆዳቸው ላይ የሰገራ መውጫ የተበጀላቸው ሰዎች በመውጫው ዙሪያ ሊወጣባቸው ይችላል። ውኃ የቋጠረ ወይም ብዙ ትንንሽ መግል ያለው ዓይነትም አለ።

ምርመራው ላይ ሰዉ ግራ ይጋባል። ይኼን በሽታ ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ከጠርዙ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ባዮፕሲ ይሠራል። «ሲነካካ ይብሳል ብላችሁ ለምን ትቆርጣላችሁ?» ብዬ ሐኪሟን ጠይቄ ነበር። መልሷ አሳመነኝ። ይህቺ አንዲት ቁራጭ ካልተወሰደች ቁስሉ ካንሰር ይሁን፣ የቆዳ ቲቢ ይሁን፣ ፈንገስ ይሁን፣ የደም ሥር ብግነት ይሁን አይታወቅም። በእኛ አገር ደግሞ ቁንጭር አለ፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው፣ በደጋው አካባቢ የሚበዛው፤ እሱም የማይድን የሚመስል ቁስል ያመጣል፣ መድኃኒቱ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ስለዚህ ቁራጩ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ግማሹ ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ ይፈተሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 ባለሙያዎች ተስማምተው ባወጡት መስፈርት መሠረት፣ ባዮፕሲው የኒውትሮፊል ክምችት ካሳየና ከስምንት ተጨማሪ ምልክቶች ቢያንስ አራቱ ከተገኙ በሽታው ይኼ ነው ይባላል። ከስምንቱ ውስጥ ኢንፌክሽን አለመኖሩ፣ ፓተርጂ፣ የአንጀት ወይም የመገጣጠሚያ ብግነት ታሪክ፣ እንዲሁም ከመግል ወደ ቁስል በአራት ቀን ውስጥ መለወጥ ይገኙበታል። ችኮላ ግን በሌላውም በኩል ይጎዳል። በ2002 የታተመ የማዮ ክሊኒክ ጥናት በዚህ በሽታ ስም ከታከሙት ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ ሌላ በሽታ እንደነበረባቸው አሳይቷል።

ሕክምናው ዘመቻውን ማብረድ ነው። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ወይም ታክሮሊመስ የሚባል ቅባት ሊበቃ ይችላል። ከሰፋ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የሚዋጥ ስቴሮይድ ይጀመራል፣ ወይም ሳይክሎስፖሪን የሚባል ሌላ በሽታ ተከላካይን የሚያበርድ መድኃኒት። የትኛው ይሻላል? በእንግሊዝ አገር ሁለቱን ያወዳደረና በ2015 የታተመ ጥናት በስድስት ወር ውስጥ በሁለቱም ወገን ቁስሉ የዳነላቸው ከመቶ 47 ያህል መሆናቸውን አገኘ። ልዩነት የለም። ስለዚህ ምርጫው በሰውየው ይወሰናል፤ ስኳር ላለበት ፕሬድኒሶሎን ይከብዳል፣ ደም ግፊትና ኩላሊት ላለበት ሳይክሎስፖሪን ይከብዳል። ያ ቁጥር ሌላም ይነግረናል፣ ከግማሽ የሚበልጡት በስድስት ወር አልዳኑም። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሕክምና ነው። ለእነዚህ እንቢ ላለ፣ በተለይ የአንጀት ብግነት አብሮት ላለ፣ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ የሚባሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፣ ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም።

እነዚህ መድኃኒቶች በሽታ መከላከያን ስለሚያዳክሙ ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ፣ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረጋል። የሰገራ ምርመራም አትናቁ። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ያለበት ሰው ሳይታወቅ ፕሬድኒሶሎን ቢጀምር ትሉ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ደግሞም ፕሬድኒሶሎንን «ተሻለኝ» ብሎ በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም አይቻልም። ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ይሆናል፣ ስለዚህ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

የቁስሉ እንክብካቤም የራሱ ሥርዓት አለው። በንጹሕ ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውኃ) በቀስታ ማጠብ፣ ሥጋ ላይ የማይጣበቅ መሸፈኛ ማድረግ፣ ከላይ በፋሻ መጠቅለል። አክስቴን ያሰቃያት የነበረው ደረቅ ጎዝ ነው። ሲነሳ አዲሱን ሥጋ ይዞ ይነሳ ነበር። ሐኪሟ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ አስጀመረቻት፣ ፋሻ ከመፈታቱ ግማሽ ሰዓት በፊት የሕመም ማስታገሻ እንድትወስድም አዘዘች፤ ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ቀረ። የሕመም ማስታገሻ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፣ የሕክምናው አካል ነው።

ፕሬድኒሶሎን በጀመረች በአምስተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐምራዊው ጠርዝ ጠየመ፣ ከዚያ ቁስሉ ከዳር ወደ መሀል መሰብሰብ ጀመረ። ለመድረቅ ሰባት ወር ፈጀ። የቀረው ጠባሳ ወንፊት ይመስላል፣ ብዙ ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉበት፤ ይኼም የበሽታው አንዱ መለያ ነው። ሊመለስ ስለሚችል እግሯን ከግጭት ትጠብቃለች፣ ካልሲ ሳታደርግ ማሳ አትገባም። የሕክምና ካርዷ ላይ ሐኪሟ በቀይ እስክሪብቶ የበሽታውን ስም ጽፋበታለች። አምና ለዓይኗ ሞራ ቀዶ ሕክምና ስትሄድ ገና ቁጭ ሳትል ካርዱን ለሐኪሙ ዘረጋችለት። «መጀመሪያ ይቺን አንብባት፣ ልጄ፤ ከዚያ ቢላህን ታነሳለህ።»